ጄምስ ዋትና የተበላሸችው ትንሽ መኪና

ድስት በእሳት ላይ ተጥዶ ውኃው በፈላ ጊዜ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያላየ ልጅ የለም። በአምባሰል አገር በግሸን አምባ ላይ ባለች ትንሽ ቤትም ሆነ በባሕር ማዶ ባለ ታላቅ ከተማ ክዳኑን የሚያነሣው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም እንፋሎት ነው። እንፋሎት ኀይል ያለው መሆኑን ሰው ሁሉ ያያል። ነገር ግን ኀይሉን ለሥራ ለማዋል የደከሙት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ጄምስ ዋት ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጄምስ ዋት በስኮትላንድ አገር ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ በ1736 ዓመት በጃንዋሪ ወር በ19ኛው ቀን ተወለደ። አባቱ የመርከብ ሠሪና ነጋዴ ነበረ፤ መርከበኞች መንገዳቸውን የሚያውቁባቸውን መሣሪያዎችም ያበጅ ነበረ። አያቱ የሒሳብ መምህር ነበረ። ልጁ ግን ሰውነቱ ደካማ ነበረ፤ የራስ ምታት ብዙ ጊዜ ያሠቃየው ነበረ። ስለዚህ በልጅነቱ እንደ ሌሎች ልጆች ዘወትር ወደ ትምህርት ቤት መሄድ አልቻለም። እናቱ በቤት ማንበብን አስተማረችው፤ አባቱም መጻፍንና ሒሳብን አስተማረው።

አባቱ የልጁን እጅ አይቶ በሥራ ቤቱ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና ለእጁ የሚስማሙ ትንንሽ መሣሪያዎች ሰጠው። ልጁም መጫወቻዎቹን እየፈታ ውስጣቸውን ይመለከት ነበረ፤ ከተመለከተም በኋላ መልሶ ይገጥማቸው ነበረ። መፍታት ለብዙ ሰው ቀላል ነው፤ መልሶ መግጠም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጄምስ ዋት ይህን ትዕግሥት የተማረው በአባቱ ቤት ነው።

ጄምስ በልጅነቱ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የጀበናውን ክዳን እንፋሎት ሲያነሣው አየ፤ በዚያም ሰዓት የእንፋሎትን መኪና አገኘ ተብሎ በብዙ አገር ለልጆች ይነገራል። ተረቱ ያማረ ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ግን ከተረቱ ይረዝማል። በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ጄምስ ዋት ሳይወለድ አስቀድሞ ነበረ። ዋት ያደረገው ነገር የተበላሸውን ማበጀት፣ ያበጀውንም ማሻሻል ነው። ይህም በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ዓመት ድካም የተፈጸመ ነው።

ዋት የ17 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞተች፤ የአባቱም ንግድ ተጐዳ። ስለዚህ ለራሱ እንጀራ የሚሆን ሙያ መፈለግ ግድ ሆነበት። ሚዛንን፣ ኮምፓስንና የመለኪያ መሣሪያዎችን የመሥራት ጥበብ ለመማር አሰበ። በ1755 ዓመት በፈረስ ተቀምጦ ወደ ሁለት ሳምንት በሚጠጋ ጊዜ ወደ ለንደን ደረሰ። በዚያን ጊዜ የዚህ ጥበብ ደቀ መዝሙር ሰባት ዓመት ይማር ነበረ። ዋት ግን ለሰባት ዓመት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። ጆን ሞርጋን የሚባል ባለ ሙያ 20 ጊኒ ተቀብሎ ለአንድ ዓመት ብቻ ሊያስተምረው ፈቀደ። ዋትም የሰባቱን ዓመት ትምህርት በአንድ ዓመት ለመጨረስ ማለዳና ማታ ሠራ። ዓመቱም ሲፈጸም እጁ የሠለጠነ ሆነ፤ ጤናው ግን ተጐድቶ ነበረና በ1756 ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ።

በግላስጎ ከተማ የራሱን የሥራ ቤት ሊከፍት በወደደ ጊዜ ግን ሌላ መሰናክል ተነሣበት። የከተማይቱ የብረት ሠራተኞች ማኅበር ሰባት ዓመት ያልተማረ ሰው ሥራ ቤት እንዳይከፍት ከለከለው። በዚያን ጊዜ የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እጁን ያውቁ ነበርና በ1757 ዓመት በግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጡት። በዚያችም ክፍል የትምህርት ቤቱን መሣሪያዎች ያበጅ ጀመረ። ተማሪዎችና መምህራን ወደ እርሱ እየመጡ ይነጋገሩ ነበረ። ከእነርሱም አንዱ ስለ ሙቀት ብዙ የመረመረው ጆሴፍ ብላክ ነው። ዋት በዩኒቨርሲቲ ያልተማረ ሰው ነበረ፤ ሆኖም የማያውቀውን ለመጠየቅ አያፍርም ነበር።

በዩኒቨርሲቲው አንዲት ትንሽ መኪና ነበረች። እርስዋም ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ በ1712 ዓመት ከማዕድን ጕድጓድ ውኃ ለማውጣት የሠራው የታላቁ መኪና አምሳያ ናት። መምህሩ ለተማሪዎቹ የሚያሳያት ለትምህርት ነበረ። ሲሊንደር የሚባለው የናስ ቱቦዋ አፉ ሁለት ኢንች ብቻ ነበረ። ይህች ትንሽ መኪና ተበላሸች። ለንደን ድረስ ለጥገና ተላከች፤ ግን በደንብ የምትሠራ ሆና አልተመለሰችም። በ1763 ዓመትም ለዋት ተሰጠችው።

ዋት መኪናይቱን ፈትቶ አበጃት። ነገር ግን ተበጅታም ጥቂት ጊዜ ብቻ ከፍና ዝቅ ካለች በኋላ እንፋሎቷ አልቆ ትቆም ነበረ። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ትንሽ መጫወቻ ናት ብሎ ዋጋውን ተቀብሎ በመለሳት ነበር። ዋት ግን ስለ ምን ቆመች ብሎ ራሱን ጠየቀ። ታላቁ ሥራው ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ጥያቄ ወጣ።

የኒውኮመን መኪና አሠራር እንዲህ ነበረ። በማፍያ ጋን ውኃ ይፈላል። እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስቶን የሚባል ከፍና ዝቅ የሚል ውታፍ አለ። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ከተሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ በውስጡ ይረጫል። እንፋሎቱም ቀዝቅዞ ወደ ጥቂት ጠብታ ውኃ ይለወጣል፤ ስፍራውም ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ በውጭ ያለው አየር በክብደቱ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል።

አየር ክብደት አለው መባሉ ሊያስደንቅ ይችላል፤ ሆኖም እውነት ነው። በግሸን አምባ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ ስስና ቀላል ነው። ስለዚህ በአምባው ላይ ውኃ በባሕር ጠረፍ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ባቄላና ሽንብራም ለመብሰል ይዘገያሉ። የኒውኮመን መኪና የሚሠራው በዚህ በአየር ክብደት ነበረ።

የመኪናው ጥፋት ግን ሌላ ነው። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ደግሞ በአዲስ እንፋሎት መሞቅ ያስፈልገዋል። አንዲት ሴት እንጀራ ስትጋግር አንድ እንጀራ ባወጣች ቍጥር በጋለው ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ብታፈስስ፣ ከዚያም ምጣዱን እንደ ገና ብታግል ሰው ሁሉ ይስቅባታል። ሌማቱ ሳይሞላ እንጨቱ ያልቅባታል። ይልቁንም እንጨት በጀርባ ተጭኖ በገደል መንገድ በሚወጣበት በግሸን አምባ እንዲህ የምታደርግ ሴት አትገኝም። የኒውኮመን መኪና ግን ከ50 ዓመት በላይ እንዲህ ሲያደርግ ኖረ፤ ይህንም ጥፋት ብሎ ያረመው አልነበረም። ዋት በሚዛንና በመስፈሪያ መርምሮ ከእንፋሎቱ ብዙው፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል፣ ሲሊንደሩን በማሞቅ ብቻ በከንቱ እንደሚጠፋ አወቀ።

ጥፋቱን ማወቅና መድኃኒቱን ማግኘት አንድ አይደሉም። ዋት ሁለት ዓመት ያህል አሰበ፤ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በ1765 ዓመት በሜይ ወር በአንድ እሑድ ቀን በግላስጎ መስክ ብቻውን ይመላለስ ነበረ። በዚያም ሳለ ሐሳቡ መጣለት። እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ውስጥ መቀዝቀዝ የለበትም፤ በቧንቧ ወደ ሌላ ዕቃ ሄዶ በዚያ ይቀዝቅዝ። እንዲህ ከሆነ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ትኩስ፣ ሌላው ዕቃም ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይኖራል። በአገሩ ልማድ በሰንበት ሥራ አይሠራም ነበርና እስከ ማግስቱ ታገሠ። በማግስቱም ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን የናስ ስሪንጅ በሲሊንደር ፈንታ አድርጎ ሞከረው፤ ሐሳቡም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ጄምስ ዋት ወዲያው ባለጠጋ የሆነ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሥራው ፍሬ ድረስ አሥር ዓመት የመከራ ዓመት አለፈ። ትንሹ አምሳያ በጠረጴዛ ላይ ሠራ፤ ታላቁ መኪና ግን እንቢ አለ። በዚያን ዘመን ታላቅ ሲሊንደርን በትክክል ክብ አድርጎ የሚሠራ ባለ ሙያ አልነበረም። እንፋሎቱም በፒስቶኑ ዙሪያ ያመልጥ ነበር። ዋት ቀዳዳውን በቡሽ፣ በዘይት በተነከረ ጨርቅ፣ በወረቀት፣ በአሮጌ ባርኔጣም ለመድፈን ሞከረ፤ ሁሉም አልረባም። ገንዘቡ አልቆ 1,000 ፓውንድ ያህል ዕዳ ገባ። ጆን ሮባክ የሚባል የብረት ፋብሪካ ባለቤት ዕዳውን ተቀብሎ ባልንጀራ ሆነው። በ1769 ዓመትም ዋት ሐሳቡ የእርሱ መሆኑ በሕግ ታወቀለት፤ ሆኖም ቤተ ሰቡን ለመመገብ የጀልባ ቦይ በሚቈፈርበት ምድር እየዞረ መሬት ይለካ ነበር።

ዋት በተፈጥሮው ቶሎ የሚያዝንና ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ነበረ። በ1764 ዓመት ያገባት ሚስቱ ማርጋሬት ሚለር ግን ታጽናናው ነበር። መኪናው ባይሆን ሌላ ሥራ እንደማይጠፋና ተስፋ መቍረጥ እንደማይገባ ትመክረው ነበር። በ1773 ዓመት ዋት በሰሜን ተራሮች መካከል መሬት ሲለካ ሳለ እርስዋ እንደ ታመመች ተነገረው። በዝናብና በክፉ መንገድ ወደ ቤቱ ገሠገሠ፤ ሲደርስ ግን ሞታ አገኛት። በዚያው ዓመት ሮባክም ንግዱ ወደቀበት። ዋት ሚስቱንም ረዳቱንም በአንድ ዓመት አጣ፤ እናት የሌላቸው ልጆችም በእጁ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ ማቴዎስ ቦልተን የሚባል የበርሚንግሃም ባለ ፋብሪካ የሮባክን ድርሻ ገዛ። ቦልተን ደስተኛ፣ ደፋርና ንግድ ዐዋቂ ነበረ። ዋት ያልነበረው ሁሉ በቦልተን ዘንድ ነበረ፤ ቦልተንም ያልነበረው ጥበብ በዋት ዘንድ ነበረ። በ1774 ዓመት ዋት ወደ በርሚንግሃም ሄደ። በዚያም ዘመን ጆን ዊልኪንሰን የመድፍ አፈ ሙዝ የሚቦረቡርበትን አዲስ መሣሪያ አበጅቶ ነበርና በእርሱ ጥበብ ሲሊንደር ተሠራ። አፉ 50 ኢንች የሆነ ሲሊንደር ስሕተቱ ከአንድ አሮጌ ሺሊንግ ውፍረት የማይበልጥ ሆነ። አሥር ዓመት ያስቸገረው እንከን በሌላ ሰው እጅ ተስተካከለ። ማንም ሰው ብቻውን ታላቅ ነገር እንደማይሠራ ከዚህ ይታያል።

በ1776 ዓመት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ መኪናዎች ሥራ ጀመሩ። ከድሮዎቹ መኪናዎች ይልቅ የሚፈጁት የድንጋይ ከሰል እጅግ ጥቂት ነበረ። ቦልተንና ዋትም መኪናውን ለሚያስተክሉት ሰዎች ዋጋ የተመኑት በትርፉ ልክ ነው፤ ከዳነው ከሰል ዋጋ ሦስተኛውን እጅ ይቀበሉ ነበር። ዋት በዚህ አልረካም፤ መኪናውን ዓመት በዓመት ያሻሽለው ነበር። ቀድሞ ከፍና ዝቅ ብቻ ይል የነበረው መኪና መንኰራኵር እንዲያዞር አደረገ። እንፋሎቱ ፒስቶኑን ከላይም ከታችም እንዲገፋ አደረገ። በ1788 ዓመትም መኪናው ከልክ በላይ ሲፈጥን እንፋሎቱን ራሱ እየቀነሰ የሚቈጣጠር፣ ሁለት የብረት ኳሶች የሚዞሩበት መሣሪያ አገባበት። ከዚህ በኋላ መኪናው ውኃ መቅዳት ብቻ ሳይሆን እህል መፍጨት፣ ጥጥ መፍተልና ብረት መቀጥቀጥ ቻለ።

ዋት ሌላም መኪና ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ግን እንቢ አለው። ከሠራተኞቹ አንዱ ዊልያም መርዶክ በኮርንዎል አገር ሬድሩዝ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። እርሱም በ1784 ዓመት ሦስት መንኰራኵር ያላት ትንሽ የእንፋሎት ሠረገላ በቤቱ ሠራ። በገዛ ኀይልዋም በክፍሉ ውስጥ ትሄድ ነበር። አንድ ሌሊት ወደ ውጭ አውጥቶ ሲሞክራት እሳትዋን እያፏጨች ሮጠችና የአጥቢያው ቄስ ሰይጣን መስሎት ደነገጠ ተብሎ ይነገራል። ዋት ግን ይህን ሥራ አልወደደም። በዚያን ዘመን የነበረው ማፍያ ጋን ብርቱ እንፋሎት ሲታፈንበት ሊፈነዳ ይችላል ብሎ ይፈራ ነበር፤ መርዶክም የተያዘውን ሥራ ይተዋል ብሎ ይሠጋ ነበር። ፍርሃቱ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት መርዶክ ሠረገላዋን ተዋት፤ የባቡርም ጊዜ ዘገየ። በጠረጴዛ ላይ ካለች ትንሽ አምሳያ ታላቅ ነገር ያወጣው ሰው የሌላውን ሰው ትንሽ አምሳያ ናቀ። ታላቅ ሰውም ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ከበጎ ሥራው ጋር ሊነገር ይገባል።

በ1804 ዓመት ሪቻርድ ትሬቪቲክ በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት መኪና አስኬደ። በ1825 ዓመትም ጆርጅ ስቲቨንሰን የሠራው ባቡር ከስቶክተን እስከ ዳርሊንግተን በተዘረጋው መንገድ ሕዝብና ከሰል ጫነ። ከዚያ በኋላ ባቡር በዓለም ሁሉ ተዘረጋ። ወደ ኢትዮጵያም መጣ። በ1897 ዓመት በጅቡቲ ሥራው ተጀመረ፤ በ1902 ዓመት ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ዓመት አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በድሬ ዳዋም የባቡር መጠገኛ ቤት ተሠርቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን መኪና መፍታትንና መግጠምን ተማሩ። በ2016 ዓመትም ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ተመረቀ። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ መነሻውም እንፋሎት ማለት ነው። በገጠር የእህል ወፍጮ ባቡር ሲባል የሚሰማ ልጅ የዚያን የድሮ እንፋሎት ስም ይሰማል።

ጄምስ ዋት በ1800 ዓመት ንግዱን ለልጆቹ ትቶ ዐረፈ። ነገር ግን እጁ ሥራ መፍታትን አልወደደም። በርሚንግሃም አጠገብ በነበረው ቤቱ፣ ከጣራው ሥር ባለች ክፍል የሥራ ጠረጴዛ ዘረጋ። በዚያም የተቀረጸን ምስል አይቶ በልኩ ሌላ ምስል የሚቀርጽ መሣሪያ እየሠራ፣ እየፈታና እያሻሻለ እስከ እርጅናው ኖረ። በ1804 ዓመት ግሪጎሪ የሚባል ተወዳጅ ልጁ በሞተበት ጊዜም ኀዘኑን የሚያስታግሥበት ይህ ሥራ ነበረ። በ1819 ዓመት በኦገስት 25 ቀን በ83 ዓመቱ ሞተ። ክፍሊቱ እንዳለች ብዙ ዘመን ተዘግታ ቈየች። በኋላም ዕቃዋ ሁሉ እንደ ነበረ ወደ ለንደን ሙዚየም ተወስዶ እስከ ዛሬ ይታያል። ያች የተበላሸች ትንሽ መኪናም በግላስጎ ተጠብቃ ትኖራለች።

ስሙም አልጠፋም። የመብራት አምፑል ሲገዛ በላዩ የተጻፈው ዋት የሚለው የኀይል መስፈሪያ ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ልጆች የሚማሩት ብዙ ነው። የተሰጠ ሥራ ትንሽ ቢሆን አይናቅ፤ ጄምስ ዋት ወደ ታላቅ ሥራ የገባው በትንሽ በር ነው። የተበላሸ ነገር ሲገኝ ከመጣል በፊት ስለ ምን ተበላሸ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የፈታ ሰው መልሶ ይግጠም፤ የገጠመም ሰው ከቀድሞው የተሻለ ያድርገው። አንድ ጊዜ ቢሞከር ባይሆን ሁለተኛ ይሞከር፤ አሥር ዓመት የታገሠ ሰው አለና። ደግሞም የባልንጀራ ሥራ ትንሽ መስሎ ቢታይ አይናቅ፤ ጄምስ ዋት እንኳ በዚህ ስቷልና። ወደ ግሸን አምባ የሚወጣ ሰው በአንድ ዝላይ ከላይ አይደርስም፤ እግሩን እያነሣ አንድ በአንድ ይወጣል እንጂ። ጥበብም እንዲሁ ናት።